ሰን ሦስት፣ ሰን አራትና ሁለቱ ሣህለ ማርያም

ሞጣ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.

ውድ ይርሳው፤

እንደምን ሰነበትህ? እኔስ ከቤተ ክርስቲያንና ከወንዝ በቀር የትም እንዳልሄድ እየተጠበቅሁ አለሁ። "እናትሽ ታማለች" ተብዬ ከአዲስ አበባ ስመጣ ለሳምንት መስሎኝ ነበር። እማዬ ድና ጎመኗን ትኮተኩታለች፤ የተያዝሁት እኔ ነኝ።

ምክንያቱን ታውቃለህ። ሽማግሌዎችህ ከቢቸና መጥተው ዘር ሲቆጠር፣ በአንተም በእኔም በኩል ስድስተኛው ላይ ሣህለ ማርያም የሚባል ሰው ወጣ። "ሰባት ሳይሞላ? እህትና ወንድም ናቸው!" አሉ አባባ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። አሁን ለቀበሌው ሊቀመንበር የወንድም ልጅ ሊድሩኝ ነው፣ ከጥምቀት ማግስት። የይለፍ ወረቀት የሚፈርመውም ይኸው ሊቀመንበር ነው። አየህልኝ ጉዴን?

ሰሞኑን ገብስ ስለቅም የአዲስ አበባው የኮምፒውተር ክፍላችን ትዝ አለኝ። ሰን ሦስት በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ያዘጋጀሁትን ፕሮግራም አዲሱ ሰን አራት ላይ ጭኜ እምቢ ሲለኝ፣ "ያው ሰን፣ ያው ዩኒክስ አይደለም እንዴ!" ብዬ ላለቅስ ደረስሁ። አንተ ሳቅህብኝ። "ስሙን ተዪና ክዳኑን ክፈቺ" አልኸኝ። ከፈትነው። የሰን ሦስት ልቡ፣ ማሰቢያው ቺፕ፣ ሞቶሮላ የሚሉት ነው፤ የሰን አራት ደግሞ ስፓርክ፤ አንዱ የለመደውን ትእዛዝ ሌላው አያውቀውም። ጥግ ላይ የነበረው ኤችፒ ኮምፒውተር ደግሞ፣ ስሙ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ ሲከፈት ልቡ ሞቶሮላ ሆኖ ተገኘ።

ገብሱን ጥዬ ተነሣሁ። ሽማግሌዎቹ ስሙ ሲገጥም ደንግጠው እዚያው አቆሙ እንጂ፣ ሣህለ ማርያም የማን ልጅ፣ የየት ሰው ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም! አክስቴ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ከደብረ ወርቅ መጥተው እኛ ዘንድ ስላሉ እሳቸውን ጠየቅሁ።

"የእኛው እኮ የጉንደ ወይን አራሽ፣ የፋንታ ልጅ ነው" አሉኝ። "የቢቸናው ከሉማሜ የመጣ ቄስ፣ የአምባቸው ልጅ። ምን አገናኛቸው ልጄ?"

ለአባባ ብነግራቸው "ሽማግሌ የዘጋውን ሴት ልጅ አትከፍተውም" አሉኝ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ለሊቀመንበሩ ቃል ሰጥተው ፈርተዋል። እኔም ፈርቻለሁ። አንዳንድ ቀን ጣራው ደረቴ ላይ የወደቀ ይመስለኛል።

ቆጠራው ይደገም ማለት የሚችለው የወንዱ ወገን ብቻ ነው። እማሆይ በሽማግሌ ፊት ሊመሰክሩ ቃል ገብተውልኛል፤ እስከ ጥምቀትም እዚሁ ናቸው። የጠፋው ጠያቂ ነው።

ከሽማግሌዎችህ ጋር አንገትህን ደፍተህ የሄድህባት ቀን እስካሁን ታናድደኛለች፣ እውነቴን ነው። ለብረት ሲሆን ክዳን የምትከፍት ሰውዬ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ስም ሰምተህ ተመለስህ! በል ተነሥ፣ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና።

ካልመጣህ ግን ሁለተኛ ደብዳቤ አትጠብቅ። የሰው ሚስት ከዘመዷ በቀር ለወንድ አትጽፍም። አንተ ደግሞ ዘመዴ አይደለህም።

እስከ ጥምቀት ያንተው፣
አገሬ