ከደጃፍሽ የሄደው አፈር

ሄሮን ሰፈር፣ ጂቡቲ
ጥቅምት

ለእናት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? የጉልበትሽ ቁርጥማት በዚህ ብርድ ጠናብሽ ወይስ ተወት አደረገሽ? እኔ በጸሎትሽ ደኅና ነኝ። ጥቅምት ሲገባ ሙቀቱም ትንሽ አዘነልን።

እኔን ለልጃቸው ለጠየቁት ለባንቲሁን ቤተሰቦች የጥር ወሩን ሠርግ እሺ ልበል ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። በስልክ አልወጣ ቢለኝ ነው የምጽፈው። እንደ ልማዴ ዙሪያውን ልሂድ፣ አትቆጪ።

የምሠራላቸው ማዳም ኦርታንሲያ የሚሉት አበባ አላቸው፤ አንዱ አበባ የሕፃን ራስ ያክላል። ሙቀት ስለማይችል የሚኖረው ኤር ኮንዲሽነር በማይጠፋበት ክፍል ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ሲተኛ እኔም አጠገቡ ጋደም እላለሁ። ዐይኔን ስከድን የቁልቢ ጉም በመስኮት የገባ ይመስለኛል፤ በዚያ ውስጥ አንቺ ከጓሮ ስትጣሪ እሰማለሁ፣ አቤት ልል ስል እነቃለሁ።

ካቻምና እንደ ጓሯችን ጽጌረዳ መስሎኝ በጥቅምት ከሥሩ ከረከምኩት። ማዳም ሊያለቅሱ ደረሱ። ለካ የከርሞው አበባ ያኔውኑ በቅርንጫፉ ጫፍ ተቋጥሮ ያለቀ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ብቻ ስናይ ከረምን። ዘንድሮ የደረቀውን አበባ ብቻ ቀነጠስኩ። ያላበበውን ቀንበጥ ደግሞ ከአንጓው በታች ቆርጬ፣ ውኃ እንዳይጠማው ቅጠሉን በመቀስ አጋምሼ፣ ተክዬ በላስቲክ ሸፈንኩት። ሥር ይዞ እንደሆነ ልየው ብሎ መጎተት አይቻልም፣ እጄን እየበላኝ ተውኩት።

የዚህ አገር አፈር ጨው ነው። አፈሩን የሚያመጣልኝ ከዶራሌ ወደብ ዕቃ የሚጭነው፣ አንቺ ቀዩን አፈር በጆንያ የሞላሽለት ሾፌር ነው። በሱ አፈር ሮዝ የነበረው አበባ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ ማዳም ጎረቤት እየጠሩ አሳዩት። አፈሩን ሊወስድ ቤትሽ የመጣ ቀን ዶሮ ብታቀርቢለት ሆዴን አሞኛል ብሎ ጎመኑን ብቻ በላ፣ ምን ያለ ዓይነ አፋር ልጅ ነው ብለሽ ደወልሽልኝ። ቀጥለሽም ስሙን ጠየቅሽኝ። እማ፣ ጠርጥረሽ ነበር መሰለኝ። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ስሙ ሙሕሲን ነው። ይህን ስታነቢ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ዝም እንደምትይ አውቃለሁ። እሱን ዝምታ ፈርቼ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ አፈር ብቻ ያወራሁሽ። ለባንቲሁን እናት እሺ እንዳትያቸው፣ የሰው ልጅ አናሳፍር።

ማዳም ሰሞኑን ከባድ ነገር እንዳላነሳ ከልክለውኛል። እኔ ምንም አልነገርኳቸውም፣ ፊቴን አይተው ነው። ጠዋት ጠዋት ሎሚ ያስቆርጡልኛል።

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ሙሕሲን ይመጣል። አሁን ለአፈር አይደለም፤ አባቱንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ነው። ልብሽ ባይፈቅድም ቁጭ በሉ በያቸው፣ ቆመው አይመለሱ። ጥር እንዳትያቸው ግን፤ ጥር ለእኔ ይርቃል፣ እስከዚያ ቀሚሴም አይደብቀኝ።

ቁልቢ ገብርኤል በክንፉ ይከልልሽ። እኔንም በምርቃትሽ አስቢኝ።

እግርሽን የምትስም ልጅሽ