አንድ ኢንችና ሩብ በረዶ

ፌብሩዋሪ 11
በበረዶ ሆኪ ሦስት ለአንድ አሸነፍን። ደጋፊው እየዘፈነ ወጣ። እኔ ዓይኔ ተጫዋቾቹ በዱላ በሚመቷት የጎማ ዲስክ ላይ ነበር። ትነጥራለች። መንሸራተት ሲገባት እንደ እንቁራሪት ትዘላለች። በእረፍቱ በማለስለሻ መኪናዬ ሜዳውን ስዞር በረኛችን ቲቦ ከሚቆምበት ጎል ፊት በረዶው ረገብ አለብኝ። ሰው ሲወጣ በመሰርሰሪያ ወጋሁት። ሁለት ኢንች ከሩብ! ከእኔ በፊት የበረዶው ሠራተኛ ሽማግሌው ራልፍ ሳለ አንድ ኢንችና ሩብ ነበር። እሱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የአዳራሹ ኃላፊ ዱዌን በየቀኑ፣ "ውሃ ጨምሪ ሎርና፣ ሲወፍር ይጠነክራል" ይለኛል።
አይጠነክርም። ለምን አልነገርኩትም?

ፌብሩዋሪ 19
ጨዋታው ተቋረጠ። ጎሉ ፊት ጉድጓድ... የቲቦ የጫማ ስለት ገብቶበት ወደቀ። እግሩ ተርፏል። ባልዲና ውሃ ይዤ ተንበርክኬ ስደፍን ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። አራት ሺህ ሰው ቁልቁል እያየኝ።
"እትዬ ሎርና" አለኝ ቲቦ፣ ጭንብሉን ገልጦ። "ይሄ በረዶ ነው ወይስ የተላቆጠ ድንች?"
"ድንቹ ይሻላል።"
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ፌብሩዋሪ 23
ከሊጉ ደብዳቤ መጣ። በበረዶው ምክንያት ጨዋታ ዳግም ከተቋረጠ፣ የጥሎ ማለፉን ጨዋታዎች በሙሉ በተጋጣሚ ከተማ እንጫወታለን። አስራ አንድ ዓመት ጠብቀን ጥሎ ማለፍ ሊደርሰን ሲል! ዱዌን ደብዳቤውን አነበበና፣ "በይ፣ ውሃ ጨምሪ" አለ።

ፌብሩዋሪ 24
ጨመርኩ። ዝም ብዬ ጨመርኩ።

ማርች 3
ተናገርኩ።
ደብተሬን ይዤ ቢሮው ገባሁ። ራልፍ ቢሮው ውስጥ የጣላቸው የበረዶ ልኬት ወረቀቶች፣ የማቀዝቀዣው መካኒክ የቀደዳቸው ገጾች... ዘጠኝ ዓመት ለቅሜ የለጠፍኳቸው። ቲቦም እዚያው ተቀምጦ ነበር።
"ቅዝቃዜው የሚመጣው ከወለሉ ሥር ካሉት ቱቦዎች ነው" አልኩ። "ይሄ ሁሉ በረዶ ሲደረብበት ላይ አይደርስም። ለራሱ ብርድ ልብስ ሆኖበታል። መፋቅ አለበት።"
"ከጥሎ ማለፉ በፊት በረዶ ልታነሺ? ማን ነው ይሄን ያስተማረሽ?"
"የቆሻሻ ቅርጫትህ።"
ቲቦ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዱዌን ግን ፊቱን አልፈታም። "ብትሳሳቺስ?"
የማለስለሻ መኪናዬን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ያኔ አትመልስልኝ።"
"ዱዌን" አለ ቲቦ፣ "ጎሉ ላይ የምገተረው እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ስማት እንጂ!"
ዱዌንም ቡድኑ ከከተማ ውጭ የሚቆይባቸውን አራት ቀናት ሰጠኝ።

ማርች 6
ሦስተኛ ቀን። እፍቃለሁ፣ እሰረስራለሁ፣ እለካለሁ። ውጭ የደፋሁት የበረዶ ብናኝ ከመስኮቱ በላይ ሆኗል። ዛሬ በግራው ጥግ የመኪናውን ስለት አብዝቼ አወረድኩትና በረዶው ውስጥ የተቀባው የሰማያዊው መስመር ቀለም ተላጠ። መኪናው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ቀለም አምጥቼ በብሩሽ ቀባሁት፣ በቀጭን በቀጭን ውሃ አለበስኩት። ዱዌን ከበሩ ሆኖ ያየኛል። ሻይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ማርች 9
የሊጉ ተቆጣጣሪ መጣች። በሃያ ቦታ ሰረሰረች። አንድ ኢንችና ሩብ፣ አንድ ኢንችና ሩብ... "ማን ነው የሠራው?" አለች። ዱዌን በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ፈረመች።
ማታ አምስት ለዜሮ አሸነፍን። ዲስኳ መሬት ይዛ ሄደች። የጫማው ስለት ድምፅ ተለውጧል... ደረቅ፣ ጥርት ያለ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት።

ማርች 28
ጥሎ ማለፍ ገባን። በሜዳችን!

ኤፕሪል 29
የዋንጫው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ፤ ሦስት ሦስት ጊዜ ተሸናንፈናል። ጠዋት ሞቃት ዝናብ ጣለ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ከሙቀቱ በረዶው ላይ ጉም ተነሳ። ዱዌን የኋላውን ትልቅ በር ከፍቶ ቢራ ያስገባል!
"ዝጋው!" አልኩ። አልሰማኝም። "ዱዌን! በሩን ዝጋ! በረዶዬን ታቀልጥብኛለህ!"
እኔ ነኝ የጮህኩት? ሮጦ ዘጋው።
አንድ ለአንድ አለቀ። ቀድሞ ያገባ ከሚያሸንፍበት ተጨማሪ ሰዓት በፊት ሜዳው የእኔ ብቻ ነበር። የውሃውን መጠን በግማሽ ቀነስኩ፣ ለወትሮው ከምነዳው ቀስ አልኩ። ደጋፊው ያፏጫል፣ "ሴትዮ ፍጠኚ!" ይላል። አልፈጠንኩም።
በስድስተኛው ደቂቃ ከእነሱ አንዱ ብቻውን አምልጦ መጣ። ቲቦ በጎኑ ተንሸራቶ ወጣ... ጎሉ ፊት፣ እዚያው የወደቀበት ቦታ... ምንም አልያዘውም። መለሳት! ዲስኳ ወደዚያኛው ጫፍ ሄደች፣ የእኛ ልጅ አስገባት!
ቲቦ ጓደኞቹ ሳይደርሱበት እኔ ወደ ቆምኩበት በር ዞረና ለምስጋና በዱላው በረዶውን ሦስት ጊዜ መታ።
ለፎቶ ሁሉም መሃል ሜዳ ተኮልኩለው፣ "እትዬ ሎርና ካልመጣች አንነሳም!" አሉ። በላስቲክ ቦት ጫማዬ ገባሁ። ከዋንጫው ቢራ አጠጡኝ። ቢራ አልወድም። ጨለጥኩት።

ሜይ 4
ማቀዝቀዣውን አጠፋን። በረዶው ወደ ውሃ ተመለሰ። በፍሳሽ ቱቦው ሲወርድ ቆሜ አየሁት። አላዘንኩም።
ዱዌን ከወዲያኛው ጫፍ፣ "አለቃ! በሴፕቴምበር አዲሱን በረዶ ስንት እናድርገው?" ብሎ ጠራኝ።
ድሮ ቢሆን አጠገቡ ሄጄ በጆሮው እነግረው ነበር። ከቆምኩበት ሆኜ፣ "አንድ ኢንችና ሩብ!" አልኩት። ባዶው አዳራሽ ተቀብሎ ደገመው።