ሰዒድ ሲያፈጥር እኔ ገና ነኝ

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ጠመኔ እጄ ላይ፣ ጠመኔ ሻርፔ ላይ። 12ኛ «ሐ»፣ ሦስተኛ ክ/ጊዜ። ለሦስት በተሠራ ዴስክ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ጥግ ላይ ያለው ግማሽ ጎኑ ውጭ ነው። ጻፍሁ፣ ገለበጡ። ደወለ። ማንም ምንም አልጠየቀም።

ረመዷን አንድ። ሁዳዴም ሰኞ ገብቷል። የመምህራን ማረፊያው ጭር ያለ ነው፤ ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ እንኳ ዛሬ አልመጣችም። ትርንጎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ እስከ መግሪብ። የባዮሎጂዋ ትርንጎ የመሪጌታ ልጅ ናት፣ ጾም ላይ አትቀልድም። የሁለታችንም ሆድ ባንድ ጊዜ ሲጮህ ግን ሳቅ አመለጠን።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰዒድ ፎቶ ላከ። ሾርባ፣ ተምር፣ ስሙን የማላውቀው አረንጓዴ ጣፋጭ።

ሰዒድ ባሌ ነው። ያለፈው ደብተሬ ያውቀው ነበር፤ አንቺ አዲስ ስለሆንሽ ልንገርሽ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ። መጀመሪያ ጠዳ፣ ከዚያ እዚሁ ጎንደር፣ ካምና ጀምሮ ኳላላምፑር፣ ማሌዥያ፣ አንድ ኢንተርናሽናል ት/ቤት። በተጋባን በዓመቱ ሄደ። እዚያ ፀሐይ ቀድማ ትጠልቃለች። እሱ ሲያፈጥር እኔ ገና ደብተር አርማለሁ። እኔ ሳፈጥር እሱ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ግን አይተኛም፤ አንድ ተምር አስቀርቶ ይጠብቀኛል። ስልኩን ተምሩ ሳህን ላይ አስደግፌ አብረን እንበላለን።

ዛሬ እያላመጠ ነገረኝ። የሒሳብ መምህራቸው በክረምት ትለቃለች። ት/ቤቱ ባልና ሚስት መቅጠር ይወዳል፣ አንድ ቤት ይበቃቸዋልና። ከፈለግሽ አመልክቺ አለኝ።

ላስብበት አልሁት። አስቤ ጨርሼ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ሱቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባን አግዛለሁ። ድር፣ ማግ፣ የጥልፍ ክር። አባቱም እዚሁ አዲስ ዓለም ሰፈር፣ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ነው የሸጠው። ወንድሞቼ ጅማና አዲስ አበባ ገቡ። እማ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ አባና እኔ ነን።

ከማክሰኝት አንድ ሸማኔ መጥቷል፣ አያ ሙሄ። የአባ የድሮ ደንበኛ። አንዱን ቀይ ክር ለመምረጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ ዘረጉት። ይሄ ሸጋ ነው፣ የለም ያኛው ነው ሸጋ። ጾም አልደከማቸውም። እያየኋቸው ሆዴ ባባ። ምነው? እንጃ።

ከሰዓት የአንድ የግል አካዳሚ ባለቤት ደወለ። ማራኪ በኩል በመስከረም የሚከፍተው ት/ቤት። የሒሳብ ዲፓርትመንት ኃላፊ እንድሆን ይፈልጋል። ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ጥቂት፣ ከቤት በባጃጅ። አባን አልለይም። ሰው ቢሰማ ይህን እምቢ የምትል እብድ ናት ይላል።

እሺ የሚል ነገር አፌ ላይ ነበር። አልወጣም። እዚያ የሚገቡት ልጆች ቤታቸው አስጠኚ አላቸው። እኔ ስሄድ 12ኛ «ሐ» ማን ይገባላቸዋል? ይህን ብዬ ደግሞ ማሌዥያ ላመለክት ነው! ትንሽ እፈሪ ይላል ሰው። ማታ ስለሁለቱም ለአባ አልነገርሁትም።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ላክሁ። ትርንጎ ሲቪዬን አነበበችልኝ። «ትጉ፣ ታታሪ፣ ፈጣሪ» የሚለውን ሰረዘችው፤ የምናመለክተው ለአስተማሪነት ነው ለጻድቅነት ብላ።

አንቺ ብትሆኚ ትሄጃለሽ ወይ አልኋት። በጠዋቱ አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ግን ለአባቴ ጠዋት ጠዋት ልብሱን የማቀብለው እኔ ነኝ አለች። ከዚያ ወደ ላብራቶሪው ሄደች። ላብራቶሪ እንላለን እንጂ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ነው።

ዛሬ የሰዒድን ድምፅ ሳይሆን ሽታውን ነው የናፈቅሁት። ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምለው።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ደብተሬ! ከየት ልጀምር።

የማሌዥያው ት/ቤት ሰዎች የሙከራ ትምህርት አስተምሪ ብለውኝ ነበር፣ በቪዲዮ፣ ለእውነተኛ ተማሪዎች። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በእነሱ ቀን ሰባት ሰዓት። ኔትወርኩ ስለሚሻል ትርንጎ ቤት፣ ሰገነቱ ላይ። ልንጀምር ስንል መብራት ጠፋ። በስልኬ ቀጠልሁ። እታች ግቢው ውስጥ የአብነት ተማሪዎቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ትምህርታቸውን ይቀጽላሉ። መሪጌታ ብቅ ብለው «ዛሬ በለሆሳስ!» አሏቸው። ደቀ መዝሙሩ ሁሉ እንደ ንብ እም... ማለት ጀመረ።

ርዕሱ ታንጀንት። የሰንደቅ ዓላማ እንጨት ላይ ሳይወጡ ቁመቱን በጥላው መለካት። ውጡና የእናንተን እንጨት ጥላ ለኩ አልኋቸው። ታብሌታቸውን ይዘው ወጡ። አንዷ ልጅ ተመልሳ ጥላ የለውም አለችኝ። እንዴት የለውም? ካሜራውን አዞረችው። እውነቷን ነው። ጥላው እግሩ ሥር ኩምትር ብሏል። እዚያ እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ናት። እኔ ይህን አላሰብሁም። ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ ስልኬን ወደ ግቢው አዞርሁት። የመሪጌታ ባሕር ዛፍ ጥላ ከአጥር እስከ አጥር ተጋድሟል። የእኔ ይኸው፣ የእናንተ ያው፣ ፀሐይዋ አንድ ናት፤ ምንድን ነው ነገሩ? አልሁ።

ያን ጫጫታ ብትሰሚ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው አንተ ተሳስተሃል ይለዋል፣ ያቺ ልጅ ደግሞ መቼ መቼ ነው እኩል የሚሆነው ትላለች። አላውቅም፣ እንሥራው አልኋት። ሰዓቱ አለቀ፣ አልተነሡም። አስተማሪ የሆንሁት ለዚህ ነበር። ረስቼው ነበር።

ወደ ት/ቤት በሩጫ። 12ኛ «ሐ»ን ደብተራችሁን ዝጉ፣ ወደ ሜዳ አልኋቸው። በመጀመሪያ የሚቀጡ መስሏቸው ፈሩ። ከዚያ ገመድ ተፈለገ፣ ክርክር ተነሣ። ብርቱካን፣ ከትክል ድንጋይ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማረው ዝምተኛዋ ልጅ፣ መሬቱ ዘመም ስላለ ልኬታችን ልክ አይደለም አለች። ጮክ ብላ! ድምፅዋን በደንብ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ር/መምህሩ መጡ። ሌላው ክፍል ተረበሸ፣ ፈተናው ደርሷል፣ ፖርሽኑስ? ልክ ናቸው፤ ምዕራፎቹ አላለቁም። ተመለስን። ብርቱካን፣ ቲቸር ነገም እንወጣለን? አለችኝ። እናያለን አልኋት።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

አልወጣንም።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ኢሜይሉ መጣ። ተቀብለውኛል። ሱቅ ውስጥ፣ ለአንዲት ሴትዮ አረንጓዴ ክር እየመዘንሁ። ሚዛኑን ትቼ ደጅ ወጣሁ። ተመልሼ ኢሜይሉን ሳየው ያው ነው።

ለሰዒድ ደወልሁ። ጮህሁበት። እሱ ግን ዝም። ኔትወርክ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልሁ። አለሁ አለኝ። እንኳን ደስ ያለሽ። እንደ ጎረቤት። ከዚያ ስብሰባ አለኝ ብሎ ዘጋው። ቅዳሜ ምን ስብሰባ አለ?

የካቲት 29፣ እሁድ

ሳፈጥር ደወለ። ቃል በቃል ልጻፈው።

«ሐዩ፣ እኔ እኮ በሐምሌ ልመለስ ነበር።»

የት አልሁት፣ እንደ ሞኝ።

«ወደ ቤት ነዋ። ኮንትራቴን ላላድስ ለራሴ ወስኜ ነበር። ጠዳ ቢመልሱኝ እንኳ እገባለሁ።»

ታዲያ ለምን አመልክቺ አልኸኝ?

«ስለ ት/ቤቱ ስነግርሽ ዓይንሽ ይበራል። እንዴት አትሞክሪ ልበልሽ? ደግሞ...» ቆመ። «አይቀበሏትም ብዬ ነበር።»

አይቀበሏትም! ተምሩ አፌ ውስጥ እንዳለ ነው። አልዋጥሁትም።

ከዚያ ሁሉን ዘረገፈው። ጎረምሶቹ ተማሪዎቹ የእንግሊዝኛ አነጋገሩን እያስመሰሉ ይስቁበታል። አስተማሪው በየሁለት ዓመቱ ይቀያየራል፣ ለመዋደድ ማንም አይደክምም። ትናንት ቢታመም ዛሬ ምነው ጠፋህ የሚለው የለም። አርብ ከጁምዓ ሲወጣ እጁን ይዞ ወሬ የሚያወርደው ሰው አምሮታል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ጎኔን አጎደለኝ አለ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ያን አረንጓዴ ጣፋጭ እያሳየኝ፣ ይህን ደብቆኝ ነበር። አዘንሁለት። ተናደድሁበት። የትኛው እንደሚበልጥ ሳልለይ፣ እኔን ሳታውቀኝ ነው ያገባኸኝ ብዬው ዘጋሁት። መጥፎ ነገር ተናገርሁ።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

አንደዋወልም። ተምሬን ስበላ ስልኩን ሳህኑ ላይ አላስደገፍሁም። ሳህኑ ባዶ መሰለኝ።

አባ አየኝ። ሾርባውን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከሰዒድ ጋር ምን ሆናችሁ? አለኝ። ነገርሁት። ማሌዥያውን፣ አካዳሚውን፣ የሰዒድን መመለስ። ሲሰማ የሶፋውን ዳንቴል ያስተካክላል።

«ሰዒድ እዚያ ባይኖር ትሄጅ ነበር ወይ?» አለ።

ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ሁልጊዜ ባሌ ዘንድ እሄዳለሁ ነው የምለው። ለትርንጎም፣ ለሲቪውም፣ ለአንቺም። ያ የሚንጫጫ ክፍል ትዝ አለኝ። ያቺ እንጨቱ ጥላ የለውም ያለችኝ ልጅ።

«እሄድ ነበር፣ አባ» አልሁት።

ዳንቴሉን ለቀቀው። ይቆጣል ብዬ ነበር። ባይቆጣስ? ያለቅሳል ብዬ ደግሞ ፈራሁ።

«እንግዲያ ሰዒድን፣ ለአንተ ስል ነው የመጣሁት እንዳትይው» አለኝ። «ያንን ዕዳ ሰው ትከሻ ላይ አይጭኑም። እኔንም ለአባቴ ስል ነው የቀረሁት እንዳትይኝ። አልችለውም።»

እኔ ስሄድ ማን ያይሃል አልሁት። ከዚህ ቀደም ማን ሲያየኝ ነበር፣ አንቺ ከትምህርት ቤት በምሽት ነው የምትመጭው አለኝና ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። የጅማው ወንድሜ ና እያለው እንደሆነ፣ እሱ ግን ሱቁን ዘግቶ የትም እንደማይሄድ ነገረኝ። አላግባባሁትም። እሱም እኔን አላግባባኝም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ እኔ ደወልሁ። በቅድሚያ ይቅርታ። ከዚያ እንደተባልሁት፣ እውነቱን። አንተ ብትመለስም እኔ መምጣት እፈልጋለሁ። ለማስተማሩ። አንተንም እፈልጋለሁ። ሁለቱ ሁለት ነገር ነው።



«እኔ ስመጣ አንቺ ልትሄጅ ነው?» አለ። «አውሮፕላን ላይ ልንተላለፍ?»

ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ እሱ አለቀሰ። ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሂድና ውሃ ጠጣ አልሁት፣ እዚያ መግሪብ እንዳለፈ አውቃለሁ።

ተመልሶ፣ አንድ ዓመት አድሳለሁ አለ። ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ካንቺ ጋር ሆኜ አገሩን ልየው፣ ብቻዬን ስለነበርሁ ይሁን አገሩ ይሁን የከፋኝ አልለየሁትም አለ። ከዚያ በኋላስ? አልጠየቅሁትም። እሱም አላለም። አብረን እስክንኖር ድረስ የሚመለስ ጥያቄ አይመስለኝም።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ለአካዳሚው እምቢ አልሁ። ሰውዬው ደነገጠ።

ለር/መምህሩ ነገርሁ። እስከ ፈተናው ድረስ እንደማልሄድ። ምን ልበልሽ አሉኝ። እኔም ዕድሜዬ ቢሆን አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ የማረጋገጫ ደብዳቤውን ጸሐፊዋ እንድትጽፍልኝ አዘዙ።

12ኛ «ሐ» ሰምተዋል። ማን እንደነገራቸው እንጃ። ገባሁ፣ ተነሡ፣ አልቀመጥ አሉ። ብርቱካን፣ ቲቸር ለምን? አለችኝ። እንድትጠይቀኝ የለመንሁት አፍ። ብዙ የሚያምር መልስ ነበረኝ። ሁሉም ውሸት ሆነብኝ። ማስተማር ስለምወድ ነው አልኋት። እኛንስ? አለች።

ጠመኔውን አስቀመጥሁና ወደ ሜዳ እንውጣ አልኋቸው። ር/መምህሩ በመስኮት አዩን። ዛሬ አልመጡም።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ፣ ማታ

ፈርሜ ላክሁ። አሁን፣ ካፈጠርሁ በኋላ።

ከሰኔ ፈተና በኋላ፣ በሐምሌ እሄዳለሁ። እስከዚያ ያሉትን ምዕራፎች እጨርሳለሁ፤ ቅዳሜ ሱቅ እገባለሁ፤ ትርንጎን ለትንሣኤ መሪጌታ ቤት ሄጄ እጠይቃታለሁ። የምናፍቀውን እያወቅሁ ልየው። አባ ጫማውን ሲያወልቅ ግድግዳውን እንዴት እንደሚይዝ። ከፋሲል ግንብ በኩል ማለዳ የሚመጣውን ብርድ። ብርቱካን «ቲቸር» ስትል ያለውን ድምፅ። ኳላላምፑር ብርድ የለም አሉ፤ ያለ ብርድ እንዴት ይነጋል?

ሰዒድ ቤቱን በቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ወንበር ብቻ ነው የነበረው። ዛሬ ሁለተኛ ገዝቷል። ባዶውን ወንበር ደጋግሞ አሳየኝ፣ ልክ ሰው የተቀመጠበት ይመስል።

ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቷል። ነገ ዒድ ይሁን ጾም፣ ጨረቃዋን እየፈለጉ ነው። ልጆቹ ያችውና ያችውና ይላሉ፣ የለችም። አባ ከአጥሩ በር ላይ ሆኖ እየጠራኝ ነው። የእኔ ዓይን አይረዳኝም፣ ነይና እይልኝ ይላል። መጣሁ አልሁት። ድጋሚ ጠራኝ። ሐዩ፣ ነይ እንጂ፣ ደመናው ሳይሸፍናት ይላል።