ልቤን ያመኛል

ሰኞ
ሃይላንዱ ሠራ! የውሃ ፕላስቲኩን አንገቱ ጋ ቆርጬ ቀጭን ጎማ ሰክቼበታለሁ፤ ሰፊው ጫፍ ደረት ላይ፣ ጎማው ጆሮ ላይ። ሦስተኛ ክፍሎች ተራ በተራ የልብ ምት ተደማመጡ። "ቲቸር፣ ውስጡ ሰው ያንኳኳል!" አለችኝ አንዷ። ከዚያ አዘለልኳቸውና እንደገና አዳመጡ። ጩኸቱ ርዕሰ መምህሩን ከቢሮ አስወጣው፤ ይሁን። ልብ ደረት ውስጥ ነው፣ ወደ ግራ። ይህችን ከያዙልኝ ይበቃኛል።
ለነገ፦ የሲሚንቶ ወረቀት፣ ማርከር፣ ለሳንባ ፊኛ። አስፋልት ዳር ያሉትን ሱቆች ሁሉ ዞርኩ፤ ፊኛ የሚባል የለም።

ማክሰኞ
ሐዋን ወረቀቱ ላይ አስተኝተን ዙሪያዋን ልናሰምር ነበር። ከጨፋ በኩል የምትመጣ፣ እቤቷ ኦሮምኛ የምትናገር ዝምተኛ ልጅ ናት። ብድግ አለችና "ልቤን ያመኛል" አለች። መቼ መቼ? "ጠዋት ጠዋት።"
ሃይላንዱን ደረቷ ላይ አደረግኩ። ይሮጣል። ደነገጥኩ። ትናንት ያን ያህል ያዘለልኳት እኔ!
እናቷን ወይዘሮ ዘሀራን አስጠራሁ። ደረቴን እያሳየሁ "ልቧን ታማለች፣ ምቱ ይሮጣል" አልኳት። ያለችበት ቁጭ አለች። "ያ አላህ! ደሴ ልውሰዳት?" ምነው አፌን በያዘው። ነገ አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆንስ?

ረቡዕ
ደህና ናት!
ነርሱ ደረቷን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። እኔ ፊቱን ሳይ ነበር። ከዚያ በኦሮምኛ "ኤሰ ሲ ዱኩበ?" አላት፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ? ሐዋ መዳፏን ከእምብርቷ ከፍ አድርጋ አሳረፈች። "እዚህ። ልቤን።"
ጨጓራዋን ኖሯል! የልጅ ልብ ድሮም ይፈጥናል አለኝ ነርሱ። እናቴስ ሲርባት "ልቤን ሞረሞረኝ" ስትል የምትይዘው እዚያው አይደል? የዚሁ አገር ልጅ ሆኜ! ልብ ደረት ውስጥ ነው ስል ሰንብቼ የገዛ ቋንቋዬ ጠፋብኝ። በምርመራ የተገኘው ወስፋት ነው፤ ክኒን ሰጧት። ቁርስ ሳትበላ እንዳትወጣም ተነገራት።
ወይዘሮ ዘሀራ ደጋግማ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

ሐሙስ
ዛሬ ትምህርቱን በጥያቄ ጀመርኩ፦ ቤት ውስጥ "ልቤን አመመኝ" የሚል ሰው የት ጋ ይይዛል? እጆች ሁሉ ሆድ ላይ። አንድም ደረት ላይ የለም! ሳቄ መጣ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሕጋችን ይህ ነው፦ የሚያመው ሁሉ በጣት ያሳያል።
ከሰዓት ወይዘሮ ዘሀራ ሐዋን ልትወስድ መጣች። አንገቴን ደፍቼ፣ ላስደነገጥኳት ይቅርታ ስጠይቅ፣ "አውፍ ይበሉኝ" አልኳት።
"አውፍ ብያለሁ" አለች፣ እጄን ይዛ። "ግን አንቺ ልጅ፣ አላህ ይይልሽ፣ ልቤን አጥፍተሽው ነበር እኮ!"
የትኛውን ልብ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ቀድማ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ።