ልጄ ሲድረኝ

ጥቅምት 4

ጭጋግ። ልብሱ ዛሬም አልደረቀም። ለአሮጊቷ፣ ለአጁዛ ዘይነባ ሾርባ ሠራሁ። ጨው ጎደለው ብላ መለሰችው። ጨመርኩ። አሁን ደግሞ በዛ ብላ መለሰችው። ሰማንያውን ካለፈች ቆየች። ጥርሶቿ አልቀዋል፤ ምላሷ ግን ገና ጎረምሳ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ዐረብ አገር ሳስታምማት አንድ ቀን የጨውን ልክ አግኝቼላት አላውቅም።

ከሰዓት ከሚል በፒክአፑ ውሃ አመጣ። የወረባቦ ሰው ነው፣ የአገሬ ልጅ ማለት ይቻላል። የፈይፋን ተራራ ጥምዝምዝ መንገድ ሲወጣ መኪናው ሳይሰማ የሱ ድምፅ ይሰማል። መንዙማ ይላል... አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ፍየሎቹ ሁሉ መብላታቸውን ትተው ቀና ይላሉ። እኔ ደግሞ ሻሼን ሳስተካክል ራሴን ያዝኩት።

ምን ሆኛለሁ?

ጥቅምት 9

ረይሃና ደወለች፣ የልጄ ሚስት። "እማ፣ አያት ልትሆኚ ነው!"

ጮህኩ። አጁዛ ከእንቅልፏ ብድግ... "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም! ሊወለድ ነው!"

"ታዲያ ምን ያስጮህሻል?" ብላ ተመልሳ ተኛች።

አያት። በአርባ አንድ ዓመቴ። በኛ አገር አያት ከሆንሽ ሥራሽ ሙስበሃ መቁጠርና መመረቅ ነው። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰብኩት... በአሥራ ስድስት ሚስት። በአሥራ ስምንት እናት። ሠላሳ ሳይሞላኝ ባሌ ሞተ። ከዚያ ዐረብ አገር። ኮረዳ የነበርኩት መቼ ነው? ብፈልግ አጣሁት። ዘልያት ያለፍኩ መሰለኝ።

ጥቅምት 12

ተናገረ! ከሚል ተናገረ!

ውሃውን እየቀዳ፣ "ሀዋ... እኔ እኮ... ማለቴ... ሁለታችንም ብቻችንን..." ይላል። ዓረፍተ ነገር ጨርሶ የማያውቅ ሰው። በርሜሉ ሞልቶ እግሬ ላይ ይፈሳል፣ እሱ ገና "ማለቴ" ላይ ነው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ልታገባኝ ነው የፈለግከው?" አልኩት።

"አዎ፣ እሱን!" አለ፣ ሸክም እንደወረደለት።

"አያት ልሆን እኮ ነው።"

"እኔም... ሁለት የልጅ ልጅ... እንግዲህ..."

ሮጬ ወደ ቤት ገባሁ። ትራስ ነክሼ ሳቅሁ። ምን ዓይነት ሴት ነኝ?

ጥቅምት 13

ለአጁዛ ነገርኳት። ባልነግራትም ከፊቴ ታነበው ነበር። ሦስት ባል አግብታለች፣ ሦስተኛውን ጥርሷ ካለቀ በኋላ።

"ምርጡ እሱ ነበር" አለች። "ሁለታችንም ጆሯችን ደክሞ ስለነበር ተጣልተን አናውቅም።"

ከዕድሜዋ የትኛው እንደሚሻላት ጠየቅኳት።

"ያሁኑ።"

"ጥርስ የሌለበት?"

"የጥርስ ሕመምም የሌለበት፣ ያ ሀዋ!" ቀጥላ ኮስተር አለች። "ወሊሽ ማነው? ማነው የሚድርሽ?"

አባቴ ሞቷል። ወንድም የለኝም። ታዲያ ማን ቀረ... ሁዛይፋ! ልጄ! አዝዬ ያሳደግኩት፣ ንፍጡን የጠረግኩለት! አጁዛ እስክታስል ሳቀች፣ ውሃ አጠጣኋት። "ያላ፣ ልጅሽን ለምኚ እንግዲህ" አለችኝ።

ጥቅምት 16

ለሁዛይፋ አገር ቤት ደወልኩለት። "ደህና ነህ? ረይሃናስ? በሬውስ?" ብዬ ዘጋሁ። እንደገና ደወልኩ። እንደገና በሬው። "እማ፣ በሬው ምን ሆነብሽ? ደህና ነው አልኩሽ እኮ!"

አፌ አልላቀቅ አለኝ። እናት ለልጇ "አግቢኝ ተባልኩ" ትላለች? ከሚል፣ "አጎቴ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል... ሽማግሌ እኮ የተፈጠረው..." አለ። እሺ አልኩ። ፈሪ!

ጥቅምት 21

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ረይሃና ጓዳ ተደብቃ በስልክ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ሦስት ናቸው፣ በማለዳ። ሁዛይፋ ምንጣፍ አነጠፈላቸው። የከሚል አጎት "ልጄ፣ ሴት ልንጠይቅህ መጥተናል" ይላሉ።

"አባቶቼ፣ ቤት ተሳስታችኋል" አላቸው የኔ ጌታ። "የምድራት ሴት የለኝም። ሴት ልጅ ቢሰጠኝ እንኳ ገና ሆድ ውስጥ ናት።" ተነስቶ የጎረቤቱን ቤት ሊያሳያቸው! ጎረቤታችን ሦስት ያልተዳሩ ልጆች አሉት።

"አልተሳሳትንም። የጠየቅነው እናትህን ነው።"

ረይሃና የያዘችው ዳቦ ከእጇ ወደቀ። ሁዛይፋ ጎንበስ ብሎ ዳቦውን አነሳ። ከዚያ "ሄዳችሁ ተመለሱ" አላቸው፣ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

"ተቆጥቷል?" አልኳት።

"አላውቅም፣ እማ።"

"ገና ሆድ ውስጥ ናት" የሚለው ያስቀኛል። ስቄ ስቄ መጨረሻው ለቅሶ ሆነ።

ጥቅምት 22

ስልክ አያነሳም።

ጥቅምት 24

አሁንም አያነሳም። ትናንት መኪና ተሳፍሮ ሄደ አለች ረይሃና። የት? አልተናገረም።

ከሚል "ሄዳችሁ ተመለሱ ማለት እኮ..." ሲል አቋረጥኩት። አውቃለሁ! መጀመሪያ እሺ የሚል ማን አለ? ልጅቱ ቀለለች ይባላል። የሰው ጉዳይ ቢሆን አጽናኟ እኔው ነበርኩ። ግን ስልክ አለማንሳት የየት አገር ወግ ነው?

ለከሚል ቁርጡን ነገርኩት። ልጄ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ፊቱን አዙሮብኝ ሙሽራ አልሆንም። አንገቱን ነቀነቀ። ዛሬ ሲወርድ መንዙማ አላለም። አጁዛ በደካማ ጆሮዋ እንኳ ታወቃት፣ "ተራራው ምነው ዝም አለ?" አለች።

ጥቅምት 27

ደወለ! ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር።

"ሰውየውን አጣራሁ" አለ። ድምፁ የሟች አባቴ ድምፅ ሆኖብኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"ምን አደረግክ?"

"ወረባቦ ሄጄ ነበር። መስጊድ ጠየቅኩ፣ ጎረቤት ጠየቅኩ። የፈታትንም ሴት ጠየቅኩ።"

"ያ አላህ! ምን አለች?"

"'ዐረብ አገር ቀረብኝ እንጂ ክፋት የለውም። ብቻ መንዙማ ሲል ጆሯችሁን ያዙ' አለች።"

ሳቄን ዋጥኩ። ከዚያ፣ "ትወጂዋለሽ?" አይለኝም? ልጅ! እናቱን!

"ሽንኩርቱ እያረረ ነው።"

"እማ፣ ሽንኩርቱን ተይው።"

"...አዎ።"

"ታዲያ ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም? ስልክሽን ያላነሳሁት ተናድጄ ነው። እንደ ባዳ ሽማግሌ ላክሽብኝ።"

"አፍሬ ነው፣ ሁዛይፋ።"

"እኔ ረይሃናን ስወድ መጀመሪያ የነገርኩት ለማን ነው?"

ለኔ ነበር። ትኩስ ነገር እንደጎረሰ ሰው እየተንተባተበ፣ በዚሁ ስልክ። ጥፋቱ የኔ ነው።

"በይ፣ ሽማግሌዎቹ ይመለሱ" አለ።

ሽንኩርቱ ከሰል ሆነ። አጁዛ በላችውና "ዛሬ ጨው ልክ ነው" አለች።

ኅዳር 2

ሁዛይፋ አዛዥ ሆኗል፣ የጥሎሼን ነገር ይዟል። "መህር ምን ትፈልጊያለሽ? ወርቅ በይ፣ አትፈሪ።"

አንድ ቀለበት አልኩ። እና... ባሕር። ሰማይ ሲጠራ ከዚህ ከፍታ እንደ ክር ይታየኛል። እግሬን ነክሬበት አላውቅም።

የሰፈሩን ሸኽ ጠየቀልኝ። "ቀለበቱ መህር ይሁን፣ ባሕሩ ቃል ይሁን" አሉ።

ኅዳር 7

ኒካህ!

የአጁዛ ልጅ፣ አሠሪዬ ፈይሰል ከጂዛን ከተማ ፉል አመጣ፣ ያንን ነጭ የሙሽራ አበባ በክር የተሰካውን፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ። እናቱ ናት ያዘዘችው። "ለአያት አበባ?" ብላት፣ "አበባው ዕድሜሽን ጠየቀሽ? ኸላስ፣ ራስሽን ስጪኝ" አለች። ራሷ አሰረችልኝ። ግማሹን ለራሷ አስቀርታለች!

ኒካሁ አገር ቤት ነው፣ ሁዛይፋ፣ ሸኹ፣ በከሚል ውክልና አጎቱ። እኔ እዚህ ስልኩን ትራስ ላይ አድርጌ፣ ከሚል ከፈይሰል ጋር ምድር ቤት። ሸኹ ፈቃዴን ጠየቁ። "እሺ" አልኩ። ማነው የተናገረው? የሆነች ትንሽ ልጅ ድምፅ ነው የወጣው።

ከዚያ ሁዛይፋ... "እናቴን ሀዋን..." ብሎ ቆመ። "እናቴን ሀዋን ድሬለታለሁ።"

ረይሃና እልል አለች። ከታች ከሚል መንዙማውን ለቀቀው። ፍየሎቹ!

በኋላ ሁዛይፋ ለብቻዬ ፈለገኝ። "እንደ አባት ልምከርሽ?" አለ እየሳቀ።

በአሥራ ስድስቴ አባቴ በር ላይ ቆሞ "ከእንግዲህ ቤትሽ እዚያ ነው፤ ቢከፋሽም እንዳትመለሺ" ነበር ያለኝ። አንድ ቀን ከፍቶኝ ተመለስኩ። ከአጥሩ አላሳለፈኝም። ይህንን ለሁዛይፋ ነግሬው አላውቅም።

"ከከፋሽ ቤቴ ክፍት ነው" አለኝ ልጄ። "በፈለግሽው ሰዓት ነይ። ለምን መጣሽ የሚልሽ የለም።"

እሱ እየሳቀ ነው። እኔ ሻሼን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 10

ባሕር!!

ፈይሰል ፈቀደ፣ ከሚል መኪናውን እስከ አሽ-ሹቀይቅ የባሕር ዳርቻ ነዳው። መንገዱን ሙሉ ዘፈነ፣ እኔም አብሬው። የኔ ድምፅ ከሱ የባሰ ነው ለካ!

እግሬን ነከርኩ። ሞቅ ያለ ነው፣ ማን ያምናል? ማዕበሉ ጫማዬን ወሰደው። ከሚል ሱሪውን ሰብስቦ ሲያባርር ወደቀ፣ እኔ ሳቄ አላቆም ብሎኝ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ለረይሃና በቪዲዮ ደወልኩ።

"ሆድሽን ወደ ስልኩ አዙሪው" አልኳት። "አያትሽ ኮረዳ ናት በያት።"

ከኋላዋ የሁዛይፋ ድምፅ መጣ፣ ቆጣ ያለ፣ የአባት። "እማ! ሳይመሽ ወደ ቤት ግቢ!"

"እሺ፣ አባዬ" አልኩ።

መሽቶ ነው የገባነው።