የማይታዘዘው ጣት

ውድ አባቴ፣

በሕይወት ሳሉ ያልነገርኩዎትን ዛሬ ልጽፍልዎት ነው። ወደ አኼራ ከሄዱ አራት ወር ሆነዎት። እማ ከዲጃ ደህና ናት፤ ማሾውም ተለቅሞ ገብቷል። እኔን ግን አንዲት ውሸቴ አላስቀምጥ ብላኛለች።

ዛሬ ናጅዋ የምትባል የስድስት ዓመት ተማሪዬ ፒያኖው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የቀለበት ጣትሽን ብቻ አንሺ ስላት ትንሿ ጣቷ አብራ ትነሳለች። "ቲቸር፣ ይቺ ጣቴ አትሰማም!" አለችኝ። ጀማሪ ሁሉ በዚች ጣት ይቸገራል። እንደ ልማዴ እጇን ከፒያኖው አንስቼ፣ በአውራ ጣቷ የሌሎቹን አንጓ አንድ በአንድ እየነካች እንድትቆጥር አደረግኳት። ስትጨርስ ቀና ብላ፣ "ይሄን ማነው ያስተማረሽ?" አለች።

ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቀወት ገጠር፣ ከቤታችን ደጅ፣ ከዙህር ሰላት በኋላ ጉልበትዎ ላይ አስቀምጠውኝ "ሱብሃነላህ" እያሉ ዚክር ሲያደርጉ፣ አውራ ጣትዎ አንጓ ለአንጓ እየሄደ ሠላሳ ሦስት ይሞላ ነበር። ሰዎች የመቁጠሪያውን ክር፣ ሙስበሃ ሲሰጡዎት እንኳ፣ "ጣት የቂያማ ቀን ተጠይቆ ይናገራል፤ ክር ምን ይናገራል?" ብለው መለሱት። የእኔንም ትንንሽ ጣቶች ይዘው አስቆጠሩኝ። ኮሌጅ ገብቼ ፒያኖ ስማር፣ አንዷ ጣቴ ስትነሳ ሌላዋ አለመከተሏ አስተማሪዎቼን ይገርማቸው ነበር።

ይህን ለእርስዎ እንዴት ልንገር? ሸዋ ሮቢት ተመልሼ ሙዚቃ ማስተማር ስጀምር፣ "ሥራ ጠፍቶ ነው?" ብለው ፊትዎን አዞሩ። ለጎረቤት ደግሞ "ሙሀባ ሒሳብ ነው የምታስተምር" ይሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። ስሰማ ሳቅኩ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አምስት ዓመት ሙሉ በየጁምዓው እየመጣሁ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው ስንጫወት፣ ስለ ሥራዬ አንድ ቀን አልጠየቁኝም። እኔም አላነሳሁ።

ከዚያ ስትሮክ የሚሉት በሽታ ጣለዎትና ቀኝ እጅዎ ዛለ። አንደበትዎ ቶሎ ተመለሰ፤ ጣቶችዎ ግን እምቢ አሉ። "መቁጠሪያዬን ተቀማሁ" ብለው አለቀሱ። እርስዎ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። እኔ የማውቀው ጀማሪ ልጆችን የማስተምርበትን መንገድ ነውና እሱኑ ጀመርኩ። መዳፍዎን ሎሚ እንደያዘ እጅ አጎብጬ ትሪ ላይ አሳረፍኩት። አንዷ ጣት ብቻ ትነሳ፣ ሌሎቹ ይረፉ። ቀስ፣ አሁንም ቀስ። የቀለበት ጣትዎ አልታዘዝ ስትል፣ "ይቺስ ሸፍታለች" ብለው ሳቁ። በሁለተኛው ወር አውራ ጣትዎ ደረሰባት። "ሱብሃነላህ" አሉ፤ ቀጠሉ፤ ሠላሳ ሦስት ሞላ።

"ይሄን ማን አሳየሽ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"ሐኪም ቤት ያለ ባለሙያ" አልኩ።

ፒያኖ ብል እጅዎን የሚነጥቁኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰላት በኋላ መዳፍዎን ዘርግተው፣ "ያን ሰው አላህ ጀዛውን ይክፈለው፤ ሥራውን ይባርክለት" እያሉ ለሌለ ሰው ዱዓ ያደርጉ ነበር። እኔ አጠገብዎ ተቀምጬ "አሚን" እላለሁ። ሰባት ወር ሙሉ፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት። ዕድሜ ልኬን የተራብኩትን ምርቃት በሌላ ሰው ስም ሲመርቁ እየሰማሁ አሚን አልኩ። ቢቆጡኝም ቢያውቁት ይሻለኝ ነበር።

ለናጅዋ ግን አልዋሸሁም። "አባቴ ናቸው ያስተማሩኝ" አልኳት።

"አባትሽ ፒያኖ ይችላሉ?"

"አይ፣ መቁጠር ነበር የሚችሉት።"

እንደገና ሞከረች። የቀለበት ጣቷ ትንሽ እየተንቀጠቀጠች ብቻዋን ተነሳች።

አባ፣ አፉ ይበሉኝ። ከእንግዲህ እኔ ዘንድ የሚመጣ ልጅ ሁሉ መቁጠሩን ከማን እንደተማርኩ ስምዎን ሰምቶ ይጀምራል። እርስዎ ያሉት አይቀርምና ጣቶችዎም ነገ በፍርዱ ቀን ሲጠየቁ ማን እንዳስነሳቸው ይናገራሉ። ከእነሱ አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የጻፍኩት። ያ ባለሙያ እኔ ነበርኩ።

ሒሳብ አስተማሪዋ ልጅዎ፣
ሙሀባ ኸድር
ሸዋ ሮቢት