ካሴቶችህ ዋንጫ በሉ

ጌችዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸኝ አራት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀረው። እኔ ደህና ነኝ። የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ አሁን ላንቻ ሁለት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ጎረቤቶቻችንም በየአቅጣጫው ተበትነዋል።

አንድ የደበቅኩህ ነገር አለ። ለቅሶህ ላይ ለፍራሽ ቦታ እንዲለቀቅ ዕቃችን ሁሉ በየጎረቤቱ ቤት ገብቶ ነበር። ከሰልስት በኋላ ቡፌው ተመለሰ፣ አልጋው ተመለሰ፣ የካሴቶችህ ካርቶን ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ያ ከሰርግ ቀረጻ ስትመለስ በተረፈችው ባትሪ ሰፈራችንን እየቀረጽክ ያጠራቀምከው። ሐዘን ሊቀመጡ የመጡትን ሰዎች ሌባ ልበል? ዝም ብዬ ሁሉንም ጠረጠርኩ። እድር ላይ ስንገናኝ እንኳ ዓይን ዓይናቸውን አይ ነበር።

ባለፈው ወር ቴሌቪዥን ስከፍት ባልደረባህ ብሩክ ዋንጫ ታቅፎ ቆሟል። ስለ ድሮው ካዛንቺስ የሠራው ፊልም ውጭ አገር በዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ተሸለመ አሉ። ቆንጠር አድርገው ሲያሳዩ የእኛን የቆርቆሮ በር አየሁት። ከአንተ ካሴት ካልሆነ ከየት ያመጣዋል?

ደወልኩለት። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ቤታቸው ሊፈርስ ሲል ካርቶኑን ከአልጋቸው ሥር አግኝተው፣ እኔ ቀድሜ ስለወጣሁ አድራሻዬን አጥተው ለእሱ ሰጡት አለኝ። እሱስ ለምን አልፈለገኝም? ላስደንቅሽ ብዬ ነው አይለኝም! እትዬ በላይነሽ ደግሞ አምና አርፈዋል፤ ምስክር የለም። እዚያ ካገኘሃቸው እስቲ ጠይቅልኝ።

እሑድ ፊልሙ መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ሲኒማ ሲታይ ሄድኩ። ፊልም ለማየት አይምሰልህ፤ እጅ ከፍንጅ ልይዘው ነው። ስምህን ትቶ የራሱን ጽፎ ከሆነ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ልጮህበት ቆርጬ ነበር።

ትዝ ይልሃል፣ ሲኒማ ስንገባ ፊልሙ አልቆ ሰው ሁሉ ሲነሣ አንተ ክንዴን ይዘህ የሠሪዎቹ የመጨረሻው ስም በሸራው ላይ እስኪያልፍ ታስቀምጠኝ ነበር። ለፍተውበታል እኮ ትለኛለህ፤ እኔ ታክሲ ሊያመልጠን ነው እያልኩ እነጫነጭብሃለሁ።

ፊልሙ እንዳለቀ መብራት በራ፤ ሰዉ ግር ብሎ ተነሥቶ ሸራውን ጋረደኝ። እየተንጠራራሁ በትከሻቸው መሃል አየሁ። ካሜራ ከሚለው ሥር ስምህ ብቻውን ወጣ። ቀጥሎ ረዳት ካሜራ ይላል፤ የብሩክ ስም። ያ ዋንጫ የታቀፈ ሰው ራሱን የአንተ ረዳት ብሎ ጽፏል። አለቀስኩ ጌችዬ። ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ብቻ እንደተቀመጠ ቀርቷል። ብሩክ ነው፤ እሱም የመጨረሻውን ስም ይጠብቃል።

ካርቶኑን ማግሥቱን አመጣልኝ። አሁንም አንድ ካሴት የጎደለ ይመስለኛል፤ ታውቀኛለህ።

ብቻ ቃሌን ልስጥህ። ከእንግዲህ የማንም ፊልም ይሁን፣ የመጨረሻው ስም እስኪያልፍ አልነሣም። ታክሲው ይሂድ።

ያንተዋ አስቴር